መቀሷ የተንበረከከችበት እሑድ

ወሬው እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊዋ፣ ያቺ ምላሷ ከመቀሷ ቀድሞ የሚቆርጠው፣ ከልደት በፊት ጌታን በሚጠባበቁባቸው ሳምንታት በአንዱ እሑድ፣ ምእመኑ ሁሉ እያያት ከወንበሯ ተነሥታ በጉልበቷ ዳኸች፤ ለዓመታት ያኮረፈቻትን የታናሽ እህቷን እግር ሳመች፣ በእንባዋም አጠበች፤ «በድዬሻለሁ፣ ማሪኝ» አለች፤ እህቷም ቆማ ከምታነብበት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ልብስ ሰፊዋ እንደ ጥጥ ለስላሳ፣ ክፉ ቃል የማይወጣት ሴት ሆነች። ማዕዘኑ ላይ ባለው ሻይ ቤት ይህ ወሬ ከሻዩ ጋር አብሮ ይቀርባል። ሻዩ ሲቀዳ ጎንበስ ብቻ ያለችው ሴትዮ፣ ስኳሩ ሲማሰል ተንበርክካለች፤ ብርጭቆው ባዶ ሲሆን መሬት ለመሬት ተስባለች። ሁለተኛ ሻይ ያዘዘ ሰው ደግሞ ከጣሪያው ብርሃን ሲወርድባት አይቶ ይሄዳል።

እንግዲህ እመኑ ካላችሁ እመኑ። የሚያውቃት ሰው ግን ማመን ይቸግረዋል። በመጀመሪያ ዕድሜ ልኩን የስፌት ማሽን ሲረግጥ የኖረ ጉልበት እንደ ሕፃን ልዳኽ ቢል እንኳ እሺ አይለውም። ደግሞም «በድያለሁ» የሚለውን ቃል ሴትዮዋ ከሌላ ሰው አፍ እንጂ ከራሷ አፍ ሰምታው አታውቅም። እንባዋን በተመለከተም፣ ሽንኩርት እንኳ ፊቷ ሲከተፍ የሚያለቅሰው ሽንኩርቱ ነው ይባላል።

ሰፈሩ «መቀሷ» ይላታል። ሱቋ ከመንገዱ ዝቅ ብላ የተሠራች፣ በደረጃ የሚወረድባት ጠባብ ክፍል ናት። ማሽኑ መስኮቱ ስር ተቀምጧል፤ መስኮቱም ልኩ ከመንገዱ ወለል ጋር ስለሆነ፣ አላፊ አግዳሚው ለእሷ የሚታያት ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው። ሰውን የምታውቀው በልብሱ ጠርዝ ነው። የባንክ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሱሪው ሳይተኮስ ያለፈ እንደሆነ፣ «ውይ፣ ዛሬም ሶፋ ላይ ነው ያደረው» ትላለች። ሐኪሙ ጠርዙን ጭቃ ነክቶት በጠዋት ሲሮጥ፣ «አንድ ሰው ሊወለድ ነው፤ ወይ ሊሞት» ትላለች። ኮሌታዋ ላይ ክር የገባበት መርፌ ምንጊዜም እንደተሰካ ነው። ሌላዋ ሴት ያለ ጉትቻ ከቤት ስትወጣ የሚሰማትን፣ እሷ ያለዚያ መርፌ ብትወጣ ይሰማታል።

ደንበኛ አያያዟ የታወቀ ነው።

«ይቺ ቀሚስ ጠበበችኝ መሰለኝ» ትላታለች አንዷ።

«ቀሚሷ እንዳለች ናት፣ እመቤቴ። እርስዎ ነዎት የጨመሩት።»

ጠበቃው መስተዋቱ ፊት እየተገላበጠ፣ «ይህ ኮት አያሳጥረኝም?» ይላል።

«ኮቱ ምን በደለ፣ ጋሼ? ፈጣሪ የጀመረውን ነው የቀጠለው።»

እንዲህ ተሰድበው ተሰድበው ተመልሰው ይመጣሉ። እሷ የሰፋችው ሱሪ ባለቤቱን እስኪሰለቸው ድረስ አያረጅም፤ ከዚያ ለወንድሙ ይሰጠዋል፣ ወንድሙንም ይሰለቸዋል። ደግሞ «ያምርብዎታል» ካለች በእውነት ያምራል ማለት ነው፤ ሰው ያቺን ቃል ለመስማት ዓመት ሙሉ ስድብ ይችላል።

ከታናሽ እህቷ ጋር የተጣላችው በአንድ ቀሚስ ብብት ነው። ሁለቱ አንድ እናት አንድ ማሽን ላይ ያስተማረቻቸው፣ በዚያችው ክፍል ጎን ለጎን የሚሰፉ እህትማማቾች ነበሩ። ታናሽየዋን ሰፈሩ «ሐሯ» ይላታል፤ ረገም ማድረግ ስትፈልግ እንኳ «ውዴ» ብላ ነው የምትጀምረው። አንድ ጊዜ መቀሷ ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ሰፋች። በሠርጉ ዋዜማ መቀሷ ክር ልትገዛ ወጣ ባለችበት ሙሽራዋ እየሮጠች መጣችና፣ «ብብቱ አላስተነፍስ አለኝ፤ እጄን ማንሣት አልቻልኩም» አለች። ሐሯ ደግሞ ልቧ ሩኅሩኅ ነው፤ ቁጭ ብላ የታላቋን ስፌት ፈታች፣ አሰፋች፣ መልሳ ሰፋች። ሙሽራዋ በሠርጓ እጇን እያውለበለበች ጨፈረች። መቀሷ ግን ነገሩን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ሌላው ሰው የግል ደብዳቤው ሲከፈትበት የሚሰማው ስሜት፣ ልብስ ሰፊ ስፌቱ ሲፈታበት ይሰማዋል።

«ስፌቴን የፈታ እጅ ከእኔ ጋር አንድ ክር አይቆርጥም! ብብቱ ልክ ነበር!»

«እትዬ፣ ልጅቷ መተንፈስ አቅቷት እኮ ነው፣ ውዴ...»

«ትንፋሿ ነው እንጂ የበዛው!»

ሐሯ የራሷን ማሽን ይዛ ከመንገዱ ማዶ፣ ፎቅ ላይ ሱቅ ከፈተች። አንዷ ከምድር በታች፣ አንዷ ከደመና በታች ሆነው ዓመታት አለፉ። መቀሷ የእህቷን ፊት በቅጡ ያየችበት ጊዜ ሩቅ ነው፤ ጠርዟን ግን በየማለዳው በመስኮቷ ታየዋለች። በሐዘን ጊዜ ጠርዙ ሲጠቁር አይታለች። አንድ ክረምት ያ ጠርዝ አንካሳ እግር እየጎተተ ሲያልፍ አይታ፣ «ምን ነክቷት ይሆን?» ብላ ሦስት ሸሚዝ እጅጌውን አዟዙራ ሰፍታለች። ሆዷን የሚበላው ግን አንድ ነገር ነበር። ታናሽየዋ «እትዬ» ማለት ትታለች። ለሰው ስታወራ እንኳ «የማዶዋ ልብስ ሰፊ» ነው የምትለው። «እትዬ» የሚላት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እሱም ቀረ።

ታዲያ ልደትን የመጠባበቂያው ወቅት ደረሰ፤ በየሳምንቱ አንድ ሻማ ይበራል፣ አንድ ምንባብ ይነበባል። ቄሱ ዘንድሮ ስለ ትሕትና ልስበክ አሉ። የሚመጣው ጌታ በግርግም የሚተኛ ነውና፣ ከፍ ብሎ የሚጠብቀው ሰው ያልፈዋል አሉ። ግብዣ ላይ ዝቅ ካለው ቦታ ተቀመጡም አሉ።

ምእመኑ ቃሉን ሰማ፤ እንደዚህም አምርሮ ሰምቶ አያውቅም። በሚቀጥለው እሑድ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሰው በሰው ላይ ተነባበረ። ዘይት ነጋዴው ዝቅተኛውን ቦታ እንዳይቀደም ሚስቱን ገና ጎሕ ሳይቀድ ላካት። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርና ፋርማሲስቱ፣ «አንተ ከእኔ ትበልጣለህ፣ ወደፊት ሂድ!» «አንተ ነህ የምትበልጠው፣ አንተ ሂድ!» እየተባባሉ ክርን ለክርን ተማትተው የአንዱ መነጽር ተሰበረ። ቦታ ያጡት በሩ ላይ ቆሙ፤ ከእነሱም የባሱ ትሑታን ደጅ ዝናብ ላይ ቆመው ሰው እንዲያያቸው በመስኮቱ በኩል እህ እህ እያሉ ይስሉ ጀመር። ቄሱ ለባዶ ወንበር ሰበኩ። ከፊት ረድፍ የነበረችው አንድ ነፍስ መቀሷ ናት። ወንበሩ ተለቅቆላት ደስ ብሏት እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ሆኖ የአንባቢው ልብስ ቅድ ጥርት ብሎ ይታያል።

የዚያን እሑድ አንባቢ ደግሞ ማን ሆነና! ሐሯ። ራሷ የሰፋችውን አዲስ ረጅም ቀሚስ ለብሳ ሦስቱን ደረጃ ወጣችና ማንበቢያው ፊት ቆመች። መቀሷ ዐይኗን ከላይ ወደ ታች ላከች። ትከሻው ደኅና ነው። ወገቡም ምንም አይል። ጠርዙ ጋ ስትደርስ ልቧ ዘለለ። የደረጃው ሚስማር የጠርዙን እጥፋት፣ ዘምዘማውን፣ ይዞት ኖሮ ከበስተኋላ ተተርትሮ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል።

«እሰይ!» አለች በሆዷ። «ክሩን እዩት፤ ገና ሲነኩት የሚበጠስ ርካሽ ክር ነው! የሰውን ስፌት ከመፍታት የራስን ማጥበቅ አይቀድምም ነበር?»

ሐሯ የምታነበው ስለ መጥምቁ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ «አንተ ታላቅ ነህ» ሲለው፣ እሱ ግን ከእኔ በኋላ የሚመጣው ይበልጠኛል፣ ጎንበስ ብዬ የጫማውን ማሠሪያ ለመፍታት እንኳ አልበቃም እንዳለ። መቀሷ ይህን ምንባብ በየዓመቱ ትሰማዋለች፤ በየዓመቱም ቅር ይላታል። ጎንበስ ማለት ምኑ ነው እንዲህ የሚያስወራው? እሷ ዕድሜዋን በሰው ቁርጭምጭሚት ዙሪያ መርፌ በአፏ ይዛ ስትዞር ኖራለች፤ አንድም ሰው ነቢይ ብሏት አያውቅም። ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር ታያት። ሰውየው ስለ ማሠሪያ ያወራው ያየው ነገር ቢኖር ነው፤ እግር እግር የሚያይ ሰው ነው። ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው የማንን ማሠሪያ ያውቃል? ይህን ስታስብ ዐይኗ እንደገና ጠርዙ ላይ አረፈ። ከጠርዙ ወደ ሦስቱ ደረጃ ሄደ። ንባቡ ሊያልቅ ነው። ሐሯ ዞር ብላ አንድ እርምጃ ስትራመድ፣ ያን ጨርቅ ትረግጠውና በአፍ ጢሟ ነው የምትደፋው፤ ያ የክረምቱ እግሯ ደግሞ...

እጇ ከልቧ ቀድሞ ኮሌታዋ ላይ ደረሰ። ራሷ መነሣቷን ያወቀችው ደረጃው ላይ ስትንበረከክ ነው። ዘምዘማውን አጠፈች፣ ቶሎ ቶሎ ወጋ ወጋ አደረገች። ፍጥነት በዛና አንዱን ውጊያ የሐሯ ቁርጭምጭሚት ላይ አሳረፈችው። ሐሯ «የጫማውን...» ከሚለው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፣ ዐይኗ እንባ ሞላ፣ ግን ሐር ናትና ማንበቧን አላቋረጠችም። መቀሷ ክሩን ቋጠረች። መቀስ አልያዘችም፤ ስለዚህ ዝቅ ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ይህን ሁሉ ከፊት ያየ ሰው የለም፤ ፊት ማንም አልተቀመጠምና። ከኋላ ላለው ትሑት ሕዝብ የታየው ጀርባ ነው። ስለ መጎንበስ ሲነበብ የጎነበሰ ጀርባ፣ ወደ እግር የወረደ ከንፈር፣ የምታለቅስ እህት። ቤቱ በአንዴ ተናወጠ። ቄሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠረጉ። ዘይት ነጋዴው ደረቱን እየደቃ፣ «ቀደመችኝ! ይህቺ ሴት ቀደመችኝ!» እያለ አነባ። መቀሷ ጉልበቷን አራግፋ፣ «ኧረ እኔ እኮ...» ስትል መዘምራኑ መዝሙር ጀመሩና ድምፅዋን ዋጡት።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ወሬ ባይጨምርበትም ይበቃ ነበር። በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ቆሞ የሚሄድ ሰው አጣ። አከራይ ለተከራይ ተንበረከከ፤ ተከራዩ ውጣ ሊለኝ ነው ብሎ ደንግጦ እቃውን አሰረ። ዳይሬክተሩና ፋርማሲስቱ መንገድ ላይ ተገናኝተው እኩል ሲጎነበሱ ግንባር ለግንባር ተጋጭተው፣ ሁለቱም በአንድ ፋሻ ተጠቀለሉ። አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ወደ መቀሷ ሱቅ ወረደች።

«ይዳስሱልኝ፣ እናቴ።»

መቀሷ ዳሰሰችው። «የሸሚዙ ቁልፍ ላልቷል» አለች። እናትየዋ ምሥጢር የተገለጠላት መስሏት አልቅሳ ሄደች።

መቀሷ «ውሸት ነው!» ብላ እንዳትጮህ ያደረጋት አንድ ነገር ነው። ከእሑዱ ማግስት፣ ሰኞ ማለዳ፣ ያ የምታውቀው ጠርዝ በመስኮቷ ሲያልፍ ቆመ። ዞረ። ደረጃውን ወረደ። በሩ ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ ጠርዙ ከነፊቱ ብቅ አለ። ፀጉሯ ጣል ጣል አድርጎ ሸብቷል።

«እንዴት አደርሽ፣ እትዬ።»

መቀሷ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ስለ ርካሽ ክር፣ በደንብ ስላልታጠፈ ጠርዝ። ሁሉንም ትታ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ወንበር ሳበችላት።

ትሕትና ለመቀሷ እስር ቤት የሆነባት ከዚያ ወዲያ ነው። ሐሯ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ይዛ እየወረደች ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ትሰፋለች። «እትዬ፣ መቀሱን»፣ «እትዬ፣ ካውያው ጋለ?» ትላለች። መቀሷ ደግሞ ትፈራለች። አንድ ክፉ ቃል ካፏ ካመለጣት ይቅርታው ሁሉ ሐሰት መሆኑ ሊታወቅ ነው፤ «እትዬ» የሚለው ጥሪም ተመልሶ ፎቅ ሊወጣ ነው። ስለዚህ ምላሷን ነክሳ ኖረች። ጠበቃው መጥቶ፣ «ሱሪውን ከዳሌው ጥብቅ አድርጊልኝ፤ የወጣት ቅድ» ሲላት፣ ዱሮ ቢሆን፣ «ጋሼ፣ ይህ ጨርቅ እርስዎን ለመሸከም አልተወለደም» ትለው ነበር። አሁን ግን ሐሯን በጎን አየት አድርጋ፣ «እንደ ወደዱ» አለች። ጠበቃው ፍርድ ቤት ሄዶ ዳኛው ፊት እጅ ሲነሣ ሱሪው ከዳር እስከ ዳር ተቀደደ። ዳኛው ችሎቱን በተኑ። ጠበቃው ኮቱን ከኋላው አስሮ መጥቶ፣ «ምነው ሳትሰድቢኝ ቀረሽ?» ብሎ ወቀሳት።

ሰውም ግራ ገባው። «ያምርብዎታል» ስትል የሚያምናት ጠፋ፤ አሁን ለሁሉም ነው የምትለው።

በዚህ ላይ ቄሱ ራሳቸው ደረጃውን ወርደው መጡ። «ልጄ፣ ከልደት በፊት ባለው የመጨረሻው እሑድ ምስክርነትሽን ትሰጫለሽ። ሕዝቡ ካፍሽ ይስማው።»

«አባታችን፣ እኔ እኮ...»

«ይህ አይገባኝም ማለትሽ ራሱ ትሕትና ነው!» ብለው ባርከዋት ወጡ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መቀሷ ማሽኑን ትረግጣለች፣ ክሩ ይበጠስባታል፤ ታስገባለች፣ ይበጠሳል። ሐሯ ከጠረጴዛው ማዶ ቁልፍ ትተክላለች። ነገ ሕዝቡ ፊት ቆማ «አዎ፣ ይቅርታ ጠይቄአለሁ» ብትል በእግዚአብሔር ቤት መዋሸቷ ነው። እውነቱን ብትናገር ደግሞ እህቷ የምትሰማው ከሕዝብ ጋር እኩል ይሆናል። እግሯን ከማሽኑ አነሣች።

«ስሚ፣ እታለም። እኔ ያን ቀን ይቅርታ አልጠየቅሁሽም።»

ሐሯ ቀና አላለችም። «አውቃለሁ።»

«እግርሽንም አልሳምኩም። ዘምዘማሽ ተተርትሮ ነው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ፣ እትዬ። የወጋሽው የማንን እግር መሰለሽ? እስካሁን ምልክቱ አለ። ደግሞ እንዲያ አድርጎ የሚቋጥር ሌላ ሰው አላውቅም።»

መቀሷ አፏ ተከፈተ። «ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ብትተይኝ እወድቅ ነበር፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት። አልተውሽኝም።» ሐሯ ክሩን ሳበች። «ደግሞ ያለ መስደብ ነው የሰፋሽው። እሱ ገርሞኝ ነው።»

«በሆዴ ሰድቤሻለሁ።»

«እሱማ ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። መንገዱ ላይ እግሮች ያልፋሉ። መቀሷ ጨርቁን ታስተካክላለች፣ ታበላሻለች፣ ታስተካክላለች። ደረጃው ላይ መንበርከክ ቀላል ነበር፤ እጇ ነው ያደረገው። አሁን ግን የሚያስፈልገው አፏ ነው፤ አፏ ደግሞ ይህን ሥራ አልተማረም። ላብ አጠመቃት። ሐሯ ደንግጣ ውኃ ልታመጣላት ስትነሣ፣ መቀሷ ዐይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ ተናገረች።

«ብብቱ ጠቦ ነበር።»

«የቱ ብብት?»

«የቱ ይባላል? የሙሽራዋ ነዋ! ስቆርጠው ነው የሳትኩት። ያን ጊዜም አውቄዋለሁ።»

ሐሯ ተመልሳ ተቀመጠች። «እኔም እስክትመጪ መጠበቅ ነበረብኝ» አለች። «ስፌትሽን ሳልፈታ መጥራት ነበረብኝ፣ እትዬ።»

«ነበረብሽ» አለች መቀሷ። ከዚያ፣ «ያንን ቁልፍ ጠማማ አድርገሽዋል፤ ንቀይው» አለች። ሐሯ ነቀለችው።

ይህን ማንም አላየም፤ ሻይ ቤቱም አልሰማም። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። የመጨረሻው ሻማ በራ። ዘይት ነጋዴው እንባውን ለመጥረግ ሁለት መሐረብ ይዟል። ቄሱ፣ «የትሕትና አብነታችን» ብለው ጠሯት። መቀሷ ሦስቱን ደረጃ ወጣች፣ ማንበቢያውን ጨበጠች፣ ሕዝቡን ከወገቡ በላይ አየችው፤ ደስ አላላትም።

«ስለ እኔ የምታወሩት አንዱም እውነት አይደለም» አለች። «አልዳኽሁም፤ በእግሬ ነው የመጣሁት። እግር አልሳምኩም፤ ክር ነው የበጠስኩት፣ መቀስ ስላልያዝኩ። አንዲት ጠብታ አላለቀስኩም። እህቴም ያለቀሰችው መርፌ ወግቷት ነው፤ እዚያው ተቀምጣለች፣ ጠይቋት። እዚህ ቦታ ላይ ማንንም ይቅርታ አልጠየቅሁም። ጥጥም አልሆንኩም፤ ጋሼ ጠበቃው፣ ሱሪው እንደሚቀደድ ስለካዎት ነው ያወቅሁት፣ ሰው ሰምቶኝ እንዳይቀየመኝ ፈርቼ ዝም አልኩ እንጂ። ከእንግዲህ ወዲህ ትሑት ናት ብሎ ስሜን የሚያነሣ ሰው ካለ፣ ልብሱን ሌላ ዘንድ ያሰፋ!»